ሪዞርት ካልሆነ ማልዲቭስ አይባልም?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 33 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። አሁን ዱባይ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሀውስኪፒንግ እሠራለሁ። ከመጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ፈቃድ የወጣሁት ወደ አገር ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እረፍት እንዳልሆነ እርስዎም ያውቁታል። ሻንጣ ሞልቶ ሄዶ፣ ባዶ ሻንጣና ባዶ ኪስ ይዞ መመለስ ነው።

በቅርቡ ዕቁብ ደረሰኝ፤ 9,000 ድርሃም ነው። ቤድ ስፔስ (በየአልጋው የሚከራይ ክፍል) የምንጋራ ሦስት ጓደኞቼ «ማልዲቭስ እንሂድ» ብለው ተነሱ። ሪዞርትም መርጠዋል፤ ውሃ ላይ የተሠራው ቤት፣ ቲክቶክ ላይ የምናየው ዓይነት። ለአራት ተካፍለን እንኳን የኔ ድርሻ ከነትኬቱ ዕቁቤን ጠራርጎ ይወስደዋል።

እኔ መሄዱን እፈልገዋለሁ። ሪዞርቱን ግን አልፈልገውም። በቀን ከ14 ክፍል በላይ አንሶላ ስቀይር እየዋልኩ፣ በእረፍቴም ሆቴል ውስጥ መግባት ደስ አይለኝም። ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ ገስት ሃውስ እንዳለ አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼ ልቤ እዚያ ቀረ። ለጓደኞቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። አንዷማ «ማልዲቭስ ድረስ ሄደሽ መንደር ልታድሪ? ደሴ ብትሄጂ አይሻልም?» አለችኝ። ሪዞርት ካልሆነ ማልዲቭስ አይባልም ነው የሚሉት። ብቻዬን ልሂድ ብል ደግሞ ፈራሁ። ዋና አልችልም። ክርስቲያን ነኝ፣ ማተብ አለኝ፣ እጾማለሁ። እነሱ መቶ በመቶ ሙስሊም ናቸው ይባላል።

ሌላው ቤተሰብ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ልግዛ ብሎ እናቴን ይዟታል፤ እናቴ ደግሞ እኔን። ዕቁቡን ሁሉ ብልክም ባጃጁ አይሞላም። (ለእናቴ ዕቁቡ ገና አልደረሰኝም ብያታለሁ።)

ልሂድ ወይስ ልተው? ከሄድኩስ ከነሱ ጋር ይሻላል ወይስ ብቻዬን?

ግራ የገባኝ፣ ከዱባይ

መልስ

የኔ እህት፣

«ደሴ ብትሄጂ አይሻልም?» ያለችሽ ጓደኛሽ አስቃኛለች። ነገሩን ሳታውቀው በትክክል ነው የገለጸችው። ሰው የሚኖርበት የማልዲቭስ ደሴት መሄድ የሰው ሰፈር መሄድ ነው። ትምህርት ቤት አለው፣ መስጊድ አለው፣ ሱቅ አለው፣ አመሻሽ ላይ ወደብ ዳር ተቀምጠው የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉት። ደብዳቤሽን ሳነበው ልብሽ የቀረው እዚያ ይመስለኛል።

ጓደኞችሽ «ሪዞርት ካልሆነ ማልዲቭስ አይባልም» ማለታቸው ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የመጀመሪያው ሪዞርት ኩሩምባ የተከፈተው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንግሥት ሪዞርት የሚያስከፍተው ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ነበር። አንድ ደሴት፣ አንድ ሪዞርት። ቱሪስቱ ከአውሮፕላን ወርዶ በጀልባ ወይም በባሕር አውሮፕላን ወደ ሪዞርቱ ይሄዳል፣ ከዚያው ይመለሳል። ከነዋሪው ጋር የሚገናኝበት ዕድል ጠባብ ነበር፤ ሐሳቡም እንዳይገናኝ ነበር። ነዋሪ ባለበት ደሴት ላይ ገስት ሃውስ መክፈት የተፈቀደው ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እና ሪዞርቱን ብቻ ማልዲቭስ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም። ለአርባ ዓመት ያህል ለዓለም የታየው እሱ ብቻ ነው።

አገሩ 1,192 ደሴቶች አሉት። ሰው የሚኖርባቸው ወደ 190 ይጠጋሉ፣ ሪዞርቶቹ ደግሞ ከ160 በላይ ናቸው። ነዋሪው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ከሦስቱ ሰው ከአንዱ በላይ ዋና ከተማዋ ማሌ አካባቢ ተጨናንቆ ይኖራል። የቀረው በየደሴቱ ተበትኗል። አንዳንዱ ደሴት ከዳር እስከ ዳር በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

ወደ ልብሽ ጉዳይ ልምጣ። ሪዞርት ያስጠላሽ አንሶላ ስትቀይሪ ስለምትውዪ ነው ብለሻል። እስቲ ቀስ ብለሽ አስቢው፤ የሚከብድሽ ዋጋው ነው? ወይስ አንቺ ተኝተሽ ሌላዋ አንቺን የምትመስል ሴት በር አንኳኩታ «ሀውስኪፒንግ» ስትል መስማቱ ነው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዋጋው ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ከታች እናሰላዋለን። ሁለተኛው ከሆነ ግን ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል፤ ገስት ሃውስም አንሶላ የሚቀይር ሰው አለው። ብዙ ጊዜ ከባንግላዴሽ የመጣ ልጅ ነው፤ እሱም እንዳንቺ ለእናቱ ይልካል። ከዚህ ስሜት የሚያመልጡበት ደሴት የለም።

ልዩነቱ ግን እዚያ ከልጁ ጋር ሻይ መጠጣት መቻልሽ ነው። ገስት ሃውስ አምስት ወይም አሥር ክፍል ያለው፣ ባለቤቱ እዚያው ሰፈር የሚኖር ቤት ነው። የባለቤቱ ወንድም ወይም ልጅ ሪዞርት ውስጥ ይሠራ ይሆናል፤ ሥራው በሌላ ደሴት ስለሆነ ቤቱ የሚመጣው ፈቃድ ሲያገኝ ነው። ሚስትየዋ በስልክ ነው የምታየው። ይህን ኑሮ ላንቺ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ጓደኞችሽ ውሃ ላይ ያለውን ቤት ያያሉ፤ አንቺ ደግሞ ያ ቤት በማን ጉልበት እንደቆመ ታያለሽ። አንቺ ከነሱ በላይ ለመንደሩ የተገባሽ ጎብኚ ነሽ የምልሽ ለዚህ ነው። በርግጥ ይህን ማየት ራሱ ሥራ ይመስላል ካልሽ፣ ስልኩን አጥፍቶ የሚተኛበት ቦታ ነው የምፈልገው ካልሽ፣ እሱም ያስኬዳል። ሰው በእረፍቱ ጥልቅ የመሆን ግዴታ የለበትም።

የትኛው ደሴት? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ማፉሺን ነው። ከማሌ በፈጣን ጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዋጋው ደህና ነው፣ የጉዞ ድርጅቱም ብዙ ነው። ግን አሁን ሆቴሉ መንደሩን ውጦታል። (የአገሪቱ ትልቅ እስር ቤትም እዚያው ደሴት ላይ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ አይጽፉትም።) ዲጉራ የሚባለው ቀጭንና ረጅም ደሴት በጣም ያምራል። ብዙ ሰው ወደዚያ የሚሄደው ግን በአካባቢው ዓመቱን ሙሉ የሚገኘውን ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ነው። እሱ ጥልቅ ባሕር ላይ ከጀልባ ዘሎ መዋኘት ይጠይቃል። ዋና ለማይችል ሰው ይቅርበት።

እኔ ላንቺ የምመርጠው ቶዱ የሚባለውን ነው። ከማሌ በፈጣን ጀልባ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። የገበሬዎች ደሴት ነው። ሐብሐብና ፓፓያ የሚያመርቱት እዚያ ነው፤ በረመዳን የማሌ ሰው ለማፍጠሪያ የሚገዛው ሐብሐብ ብዙው ከዚያ ይመጣል። በብስክሌት በእርሻው መካከል እየዞርሽ ባሕር ዳር ትደርሻለሽ። ጾም ላይ ብትሆኚም የምትበይው አታጪም፤ እንዲያውም ቶዱን ከመረጥኩበት ምክንያት ግማሹ ጾምሽ ነው።

ምክንያቱም የአገሩ ምግብ ዓሣ ነው። ጠዋት ዓሣ፣ ቀን ዓሣ፣ ማታ ዓሣ። ቱና ነው፤ በመረብ ጠራርገው ሳይሆን በዘንግ አንድ በአንድ እያወጡ ነው የሚይዙት። ቁርሳቸው ማስ ሁኒ ይባላል፤ ቱናው ደቅቆ ከተፈቀፈቀ ኮኮናት፣ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ተለውሶ ሮሺ ከሚሉት ስስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። በፍስክ ቀን እንዳያመልጥሽ። በጾም ቀን ግን ዓሣ የማትበዪ ከሆነ አስቀድመሽ ለገስት ሃውሱ ጻፊ፤ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት አልበላም» ብለሽ ዘርዝሪው። «አትክልት ብቻ» ካልሽ ቱና ያለበት አትክልት ሊመጣልሽ ይችላል። ከሰዓት በኋላ በየሻይ ቤቱ ከጥቁር ሻይ ጋር የሚበላ የተጠበሰ ነገር አለ፤ ሳምቡሳም አለበት። ደሴ ላይ በረመዳን የጎረቤት ሳምቡሳ በልተሽ ላደግሽ ልጅ ይህ ባዕድ አይሆንብሽም። ብቻ ውስጡ ዓሣ መሆኑን አትርሺ።

«መቶ በመቶ ሙስሊም ናቸው» ስላልሽው፣ እውነት ነው። ሕገ መንግሥቱ ዜጋ ሁሉ ሙስሊም እንዲሆን ያዛል። ከዱባይም ይጠብቃል። ዱባይ ቤተ ክርስቲያን ትሄጂያለሽ፤ እዚያ የለም። ሌላ ሃይማኖት በአደባባይ ማምለክም ሆነ መስበክ አይፈቀድም። ማተብሽን አታውልቂ፤ ከልብስሽ ሥር ይሁን። ሥዕለ አድኅኖና ትልቅ መስቀል ግን ቤት ይቅር፤ ለአምልኮ የሚሆን ምስል ማስገባት ክልክል ነው። ጸሎትሽን ክፍልሽ ውስጥ አድርጊ። መጠጥና የአሳማ ሥጋም በሻንጣ አይገባም። ነዋሪ ባለበት ደሴት ላይ መጠጥ ጨርሶ አይሸጥም። ይህ ሁሉ ግን ሰዎቹ ይጠሉሻል ማለት አይደለም። አዛን እየሰማሽ ያደግሽ የወሎ ልጅ ነሽ፤ ጎረቤትሽ ሲሰግድ ድምፅ ዝቅ ማድረግን ማንም አላስተማረሽም።

አለባበስ ላይ ሕጉ ቀላል ነው። የዋና ልብስ የሚለበሰው ለቱሪስት ተብሎ በተለየው ባሕር ዳር ብቻ ነው። መንደር ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ያስቀኛል። ኢብን ባቱታ የሚባለው የሞሮኮ ተጓዥ በ1343 እ.ኤ.አ. ገደማ ማልዲቭስ ደርሶ ቃዲ ሆኖ ተሹሞ ነበር። ያን ጊዜ የደሴቱ ሴቶች ከወገብ በላይ አይሸፍኑም ነበር፤ ሊያስለብሳቸው ቢታገል አልሆነለትም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ እንግዳው ነው ልበስ የሚባለው።

ዋና አለመቻልሽ ከመሄድ አያግድሽም፤ አካሄድሽን ግን ይለውጠዋል። ውሃው ከላይ ሲያዩት እንደ ገንዳ ረጋ ያለ ይመስላል። ኮራሉ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ግን ወለሉ በድንገት ይከዳል፤ በደሴቶቹ መካከል ደግሞ ኃይለኛ ሞገድ አለ። እስከ ወገብሽ በሚደርሰው ቁሚ። ጀልባ ላይ የሕይወት ጃኬት ካልሰጡሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ። ብቻሽን ውሃ ውስጥ አትግቢ፣ በተለይ ሲመሽ። ጉዞው ጥቂት ወር የሚቀረው ከሆነ ዱባይ ላይ ለሴቶች ብቻ የዋና ትምህርት የሚሰጡ ቦታዎች አሉ፤ መንሳፈፍ ብቻ እንኳን ብትለምጂ ጉዞሽ ሌላ መልክ ይይዛል።

ብቻዬን ፈራሁ ያልሽውን አልንቀውም። ስምንት ዓመት ክፍል ተጋርቶ የኖረ ሰው ለብቻው መሆን ያስፈራዋል፤ አንዳንዴ ከሌባ ይልቅ ጸጥታው ነው የሚያስፈራው። ትንንሾቹ ደሴቶች ሁሉም ሁሉን የሚያውቅባቸው ቦታዎች ናቸው። አንድ ቀን ካደርሽ የሁሉም እንግዳ ነሽ። እንዲያም ሆኖ ሴት ብቻዋን ስትሆን የምታደርገውን ጥንቃቄ ሁሉ አድርጊ፤ ሴት እንግዶች የጻፉትን አስተያየት አንብቢ፣ ክፍሉ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን ጠይቂ፣ ለአንድ ጓደኛሽ አድራሻውን ስጪ።

አሁን ሒሳቡ። ደህና ገስት ሃውስ በ60 ዶላር አካባቢ ይገኛል። አምስት ሌሊት 300 ዶላር። ጀልባ ደርሶ መልስ ከ70 እስከ 100። መንግሥት አረንጓዴ ግብር የሚለው አለ፤ ከ2025 ጀምሮ በትንንሽ ገስት ሃውሶች ለአንድ ሰው በአንድ ሌሊት 6 ዶላር ነው፣ ሪዞርት ላይ 12። ለምግብ በቀን 20 ብትይዢና አንድ ሁለት የጀልባ ሽርሽር ብትጨምሪ ከ600 ዶላር ብዙም አያልፍም። በድርሃም ወደ 2,200 ገደማ ነው። ትኬቱ ላዩ ላይ ይጨመራል። ስትመዘግቢ ግን አንድ ነገር ጠይቂ፤ «ይህ ዋጋ ግብርና ሰርቪስ ቻርጅን ይጨምራል?» በይ። የቱሪዝም ግብሩ አሁን 17 በመቶ ነው፤ ሰርቪስ ቻርጁ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ነው። ሳትጠይቂ ብትሄጂ መጨረሻ ላይ ሂሳቡ ያስደነግጥሻል። ሪዞርት ላይ ደግሞ የባሕር አውሮፕላኑ ብቻ ደርሶ መልስ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ለጓደኞችሽ ይህን ጠቁሚያቸው፣ ምናልባት አላዩት ይሆናል።

ጓደኞችሽን አትጣያቸው። አንድ ክፍል ነው የምታድሩት። በዚህ ጉዳይ ተኮራርፋችሁ ከላይኛው አልጋና ከታችኛው አልጋ መተያየት ከማልዲቭስ ትኬት በላይ ይወደዳል። «መንደር ይሻላል» ብለሽ አትከራከሪያቸው፤ እነሱም ስምንት ሰዓት ቆመው እየሠሩ ያጠራቀሙት ነው፣ ውሃ ላይ መተኛት ቢያምራቸው ምን ይደረጋል? «ብሩን ለዚያ ማውጣት አልችልም፣ ግን አብሬያችሁ መብረር እፈልጋለሁ» በያቸው። አንድ አውሮፕላን ይዛችሁ ሄዳችሁ ማሌ ላይ ልትለያዩ ትችላላችሁ። ብዙ ሪዞርቶች ለውጭ ሰው የቀን መግቢያ ይሸጣሉ፤ ምሳና ገንዳው ይካተትበታል። የነሱ ሪዞርት ላንቺ ደሴት ቅርብ ከሆነ አንድ ቀን አብረሽ ዋዪ፣ ፎቶውንም ተነሺ። ወይ ደግሞ ከሦስቱ አንዷ ሁለት ሌሊት መንደር፣ ሁለት ሌሊት ሪዞርት ትል ይሆናል። ጠይቂያቸው እንጂ ለነሱ አትወስኚላቸው።

የእናትሽን ነገር መጨረሻ ያደረግሁት ስለማይከብድ አይደለም። በደብዳቤሽ ውስጥ በቅንፍ የከተትሽው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። «ዕቁቡ ገና አልደረሰኝም ብያታለሁ።» ለምን እንዳልሽ ይገባኛል። እውነቱን ብትናገሪ ገንዘቡ ገና እጅሽ ሳይገባ መንገድ እንደሚጀምር ታውቂያለሽ። ግን አስቢው፤ ተደብቀሽ ብትሄጂ ቶዱ ላይ ሆነሽ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብሽ ይመታል። ፎቶ አትለጥፊም። ጓደኞችሽ ይለጥፉትና የጎረቤት ልጅ አይታ ለእናትሽ ታሳያታለች። ያኔ ክርክሩ ስለ ባጃጅ መሆኑ ይቀርና ስለ ውሸትሽ ይሆናል።

ስለዚህ ከትኬቱ በፊት ደውዪላት። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «እማ፣ ዕቁቤ ደርሷል። ይህን ያህል ልኬልሻለሁ። በቀረው ደግሞ አንድ ሳምንት ላርፍ ነው፤ ስምንት ዓመት አላረፍኩም።» የምትልኪውን መጠን ከመደወልሽ በፊት ወስኚ፤ ስልክ ላይ ሆነሽ አትወስኚ። ትቆጣ ይሆናል። ከቁጣው የሚከብደው ግን «እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ» ብላ ዝም ካለች ነው። ያን ዝምታ በተስፋ ቃል አትሙዪው። «በሚቀጥለው ወር ባጃጁን እገዛለሁ» የሚለው ቃል የሚወጣው እዚያ ላይ ነው፤ አውቃለሁ፣ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል።

ወንድምሽን ደግሞ ለብቻው አነጋግሪው። በእናትሽ በኩል አትስሚው። የባጃጁ ዋጋ ስንት ነው? እሱ እስካሁን ስንት አጠራቅሟል? መንጃ ፈቃድ አለው? ሙሉ ዕቁብሽ እንኳን የማይሞላው ነገር ከሆነ፣ የጎደለውን ማን ነው የሚሞላው? እነዚህን በፍቅር ጠይቂው። መልስ ካለው ከዕቁብሽ ድርሻ ማዋጣትሽ ትርጉም ይኖረዋል። መልስ ከሌለው ዘጠኙ ሺህ ቢላክም ባጃጅ አይሆንም።

ቁጭ ብለሽ አስበሽ «ዘንድሮ ልተወው፣ ወንድሜ ይቅደም» ብትዪም አልቃወምሽም። ያንቺ ገንዘብ ነው። ብቻ ውሳኔው ከፍርሃት ወይም ከሐፍረት እንዳይሆን ነው የምለው። «የሰው አገር ሄዳ ትዝናናለች ይሉኛል» ብለሽ ብትተይው ዕቁቡ በሁለት ወር ውስጥ በትንሽ በትንሹ ያልቃል፤ አንቺም አላረፍሽ፣ ወንድምሽም ባጃጅ አልገዛ።

ልሂድ ካልሽ ጊዜውን እንዲህ ምረጪ። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደረቅና ውድ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብና ንፋስ ይበዛል፣ ዋጋ ይወርዳል። ሁለቱ ወቅቶች የሚገናኙበት ኅዳር አካባቢ ለኪስሽ ይስማማል ብዬ አስባለሁ፤ ሁዳዴም የለም፣ የገና ጾም ሳይገባም መመለስ ትችያለሽ። ረመዳን ሲሆን ቀን ላይ የመንደሩ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ገስት ሃውሱ ግን ያበስልልሻል።

ቪዛ አስቀድሞ አይጠየቅም፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርትም ሲደርሱ 30 ቀን በነፃ ይመታል። የመመለሻ ትኬት፣ የማረፊያ ምዝገባና በቂ ገንዘብ ሊያዩ ይችላሉ። ከበረራው በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ ኢሙጋ በሚባለው የመንግሥት ገጽ ላይ ቅጽ ይሞላል፣ በነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካየሽ ትክክለኛው አይደለም። ከዱባይ ስለምትነሺ የቢጫ ወባ ካርድ አይመለከትሽም፤ ከአዲስ አበባ የምትነሱ አንባቢዎች ግን ያዙ። (እስራኤል ላላችሁም፤ ከ2025 ሚያዝያ ወር ጀምሮ በእስራኤል ፓስፖርት መግባት ተከልክሏል።)

በረራሽ ጠዋት ወይም እኩለ ቀን የሚደርስ ይሁን። ወደ ራቅ ያሉት ደሴቶች የሚሄዱት ጀልባዎች ከሰዓት በኋላ ያቆማሉ፤ ማታ ከደረስሽ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሁሉማሌ ላይ ማደር ሊኖርብሽ ነው፣ እሱም ተጨማሪ ወጪ ነው። አርብ ቀን የሕዝብ ጀልባ አይሠራም፣ ፈጣኑም ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ አርብ ቀን አትድረሺ፣ አትመለሺ። ጥሬ ዶላር ያዢ፤ ትንሽ ደሴት ላይ የገንዘብ ማውጫ ማሽኑ (ኤቲኤም) አንድ ነው፣ አንዳንዴም ባዶ ነው።

ነገ ዕረፍት ከሆንሽ ሁለት ነገር አድርጊ። ፓስፖርትሽ ከስድስት ወር በላይ የሚቀረው መሆኑን እዪ፤ ማሳደስ ካለበት ጊዜ ስለሚወስድ ሁሉም ነገር ከዚያ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ለሁለት የቶዱ ገስት ሃውሶች በዋትሳፕ ጻፊና ስለ ዋጋው፣ ስለ ጾም ምግቡና ስለ ጀልባው ሰዓት ጠይቂ። የሚመልሱልሽ አኳኋን ብዙ ይነግርሻል፤ እንግዳ አቀባበል ላይ ስምንት ዓመት ሠርተሽ የለ፣ ደህናውን ትለዪዋለሽ። ገንዘብ ግን እናትሽን ሳታነጋግሪ አትክፈዪ።